ቁጥር የሌለው ብረት

በጆሯችሁ ልንገራችሁ። ካልጋሪ ውስጥ እኔ በምሠራበት ቶርኖ ቤት ጥግ የቆመው የአየር ኮምፕረሰር ጋን፣ ጎረቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈው የአደን ጠመንጃ የበለጠ መዝገብ አለው። ጋኑን ማን እንደነደፈው፣ የት እንደተበየደ፣ በስንት ግፊት እንደተፈተነ ቁጥሩን ይዤ ልደርስበት እችላለሁ። ጠመንጃውም ቁጥር አለው፤ ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቁጥሩን ይዞ የሚገለጥ መጽሐፍ ግን መንግሥት ዘንድ የለም። የነበረው በፈረንጆቹ 2012 ተደምስሷል።

ሰው ስለ ጠመንጃ ቁጥር ሲከራከር ይህን ነገር ይዘለዋል። በተለይ አሁን፣ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ መሣሪያ ወሬው በበዛበት ጊዜ፣ ክርክሩ ሁሉ ‘ቁጥር ይመታበት ወይስ አይመታበት’ በሚል ይጀመርና እዚያው ያልቃል። እኔ ብረት ላይ ቁጥር ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ ደግሞ ጭረት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አውቃለሁና ከውስጥ ያየሁትን ላውጋችሁ።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ነው፤ ከዚያ መርካቶ ቶርኖ ቤት ገባሁ። እዚያ ስለ ብረት ቁጥር የሚያወራ አልነበረም። ብረቱ ከምናለሽ ተራ ይመጣል፤ ሞርሳ ላይ አስረን በሊማ እንሞክረዋለን፣ ካልሆነም መሳያ ድንጋይ ላይ አስጠግተን የፍንጣሪውን ቀለም አይተን ጠንካራ ነው ለስላሳ ነው እንላለን። ዓይናችን መዝገባችን ነበር። ካልጋሪ መጥቼ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ፉትሂልስ የሚባል የኢንዱስትሪ ሰፈር ሥራ ስይዝ ግን ሌላ ዓለም ጠበቀኝ። እዚህ ለነዳጅ ጉድጓድ ዕቃ የምንሠራበት ዘንግ ብረት ሲገባ ጫፉ ላይ ቁጥር ተመትቶበት ነው። ሂት ናምበር እንለዋለን፤ ብረቱ ከየትኛው ቅልጥ እንደተፈሰሰ የሚናገር ቁጥር ነው። ከብረት ፋብሪካው አብሮት የሚመጣው ወረቀት ደግሞ ካርቦኑ ስንት እንደሆነ፣ ማንጋኒዙ ስንት እንደሆነ፣ ብረቱ ምን ያህል ጫና እንደሚችል ይዘረዝራል።

ዘንጉን ለሁለት ልትቆርጠው ስትል የሚሠራው ሕግ አንድ ነው። መጋዙ ሳይነካው ቁጥሩን በሁለቱም ወገን ትመታለህ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ቀን ረሳሁት። ቁጥር ያለበትን ጫፍ ቆርጬ ወሰድኩና የቀረው ከቁመቴ የሚረዝም ንጹሕ ብረት ባዶውን ቀረ። ፎርማኑ አልጮኸብኝም። አነሳውና ወደ ቁርጥራጭ ሳጥኑ ጣለው። “ብረቱ እኮ ያው ነው፤ አሁን ከዚህ የቆረጥኩት” አልኩት። “ያው መሆኑን እኔ በምን አውቃለሁ?” አለኝና ሄደ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ቁጥሩ የጠፋበት ብረት የጉድጓድ ራስ ላይ ተገጥሞ ቢፈነዳ ሰው ይገድላል፤ ከሞተም በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አልበርታ ውስጥ ግፊት የሚሸከም ጋን ወይም ቦይለር ያለ ካናዳ የምዝገባ ቁጥር አይተከልም። ሲአርኤን ይባላል። ከነጥቡ ቀጥሎ የሚመጣው አኃዝ ክፍለ ሀገሩን ይናገራል፦ 1 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ 2 አልበርታ፣ 3 ሳስካችዋን እያለ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ ሥራውን የሚይዘው አብሳ የሚባል ድርጅት ነው። ሥልጣኑን ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ያገኘ ነው፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ግን አይደለም። ምርጫ መጥቶ ምርጫ ሲሄድ የቦይለር መዝገብ ይቃጠል ወይስ ይቆይ ብሎ የተከራከረ ፖለቲከኛ አላየሁም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ጠመንጃው እንምጣ። ካናዳ በ1995 ባወጣችው የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ተራው የአደን ጠመንጃ ሁሉ ሳይቀር እንዲመዘገብ ተደረገ። ያኔ ነው የቁጥር ነገር ጉድ ያወጣው። በየእርሻ ቤቱ ጎተራ ውስጥ ጭራሽ ቁጥር የሌላቸው ጠመንጃዎች ተገኙ። ኦንታሪዮ ውስጥ ኮበርግ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ኩዊ የሚባለው ርካሽ ጠመንጃ ዋነኛው ነው፤ አባት ለልጁ ጥንቸል ማደኛ የሚገዛለት ዓይነት። ከድሮዎቹ ኩዊዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡም ቁጥር አልነበራቸውም። ታዲያ መዝጋቢው ምን አደረገ? መለያ ቁጥር አወጣላቸውና ቁጥሩ የታተመበትን ተለጣፊ ወረቀት በፖስታ ለባለቤቱ ላከ። ባለቤቱ ጠመንጃው ላይ ይለጥፈዋል። በዘይት የሚወለወል፣ በአልበርታ ብርድ የሚወጣ፣ በፒካፕ መኪና ወለል ላይ የሚንከላወስ ብረት ላይ ተለጣፊ ወረቀት! የብረት ሙያተኛ ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል።

ቁጥር በማህተም ሲመታ ጠባሳው ላይ ላዩን አይደለም። ከሥሩ ያለው ብረትም አብሮ ይጨመቃል፤ ስለዚህ ላዩ ተፍቆ እንኳ የፖሊስ ላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን መልሶ ማንበብ ይችላል። የአሜሪካ ደንብ ፋብሪካ የሚመታው ቁጥር ቢያንስ 0.003 ኢንች እንዲጠልቅ፣ ቁመቱም ከ1/16 ኢንች እንዳያንስ ያዝዛል። 0.003 ኢንች ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያንሳል። ያቺ ከወረቀት የሳሳች ጥልቀት ናት በወንጀል ምርመራ ውስጥ ሰውን ከብረት ጋር የምታገናኘው።

ግን ማህተሙ የቱንም ያህል ይጥለቅ፣ የሚገለጥ መጽሐፍ ከሌለ ዋጋ የለውም። በኤፕሪል 2012 የኦታዋ ፓርላማ የተራ ጠመንጃ ምዝገባ እንዲቀር ወሰነ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ከኩቤክ በስተቀር የመላ አገሪቱ መዝገብ ተሰረዘ። እዚህ ካልጋሪ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የተደሰቱበትን ምክንያት ከእኔ የበለጠ የሚረዳ ብዙ አልነበረም።

አባቴ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበር፤ ምንሽር ነበረው። ማንበብ ብዙም የማይሆንለት ሰው የጠመንጃውን ቁጥር ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞት ነበር። ቁጥሩ ቀበሌ መዝገብ ላይ መስፈሩን ያውቅ ነበርና ከመዝገቡ የባሰ የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ሹም መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን መዝገብ ነው። ማን ዘንድ ምን እንዳለ ተጽፏል፤ በር አንኳኩቶ አምጣ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አገር ቤት ‘አስመዝግቡ’ ሲባል ገበሬው የሚሰማው ‘አስረክቡ’ የሚለውን ነው። በአገር ቤት አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ምዝገባንና ፈቃድን በሕግ መልክ ሲያስቀምጥም፣ ገጠር ውስጥ የተቀበለው ይኸው የቆየ ጥርጣሬ ነው።

የአልበርታ ከብት አርቢ ፊቱ ሌላ ነው፣ ቋንቋው ሌላ ነው፤ ልቡ ግን የአባቴ ልብ ነው። ነገሩም ባዶ ፍርሃት አልነበረም። ኤአር-15 የሚባለው ጠመንጃ እዚህ አገር በልዩ ቁጥጥር ሥር ስለነበር ባለቤቶቹ እያንዳንዱን በቁጥሩ አስመዝግበው፣ ሕጉን አክብረው ኖረዋል። ሜይ 1 ቀን 2020 መንግሥት 1,500 ያህል የጠመንጃ ሞዴሎችን በአንድ ቀን ሲከለክል፣ ማን እጅ ስንት እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቀው የእነዚህን የታዘዙትን ሰዎች ነበር። ከዚያ በኋላ ካልጋሪ ውስጥ ስለ ምዝገባ ጥሩ ነገር ተናግሮ የሚደመጥ ሰው ማግኘት ከባድ ሆነ። አልበርታም የራሷን የጦር መሣሪያ ሕግ በ2023 አወጣች፣ ለፌዴራሉ የመሣሪያ መሰብሰብ ዘመቻም አልተባበርም አለች።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፋሲካ ካልጋሪ እስታምፒድ ግቢ ውስጥ ትልቅ የጠመንጃ ኤግዚቢሽን ይደረጋል። አንድ ጊዜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄድኩ። ጠረጴዛ በጠረጴዛ ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ጠርቶኝ፣ “ይህ የእናንተ አገር ፊደል አይደለም?” አለኝ። ያረጀ ማውዘር ነው፤ እንጨቱ ከመያዝ ብዛት ጠቁሯል፣ ብረቱ ላይ አንበሳና ጥቂት የግዕዝ ፊደላት ተመትተውበታል። ከአገራችን ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት በብዛት ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሽጠዋል። አሜሪካ የገቡት ደግሞ በሕጉ መሠረት የአስመጪው ስም እንደገና ተመትቶባቸዋል። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ ፊደሎቹን እየዳበሰ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። ማን አስመጣው፣ ለማን ተሰጠ፣ በማን እጅ አለፈ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም። ብረቱ ማንነቱን ይዟል፤ ታሪኩ የሰፈረበት ደብተር አንድ ቦታ ጠፍቷል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ወደሚሠራው እንግባ። እዚህ ጎስት ገን ይሉታል፣ ዱካ አልባ ጠመንጃ እንበለው። ግማሹ በፕላስቲክ ፕሪንተር የሚወጣ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከተዘጋጀ ዕቃ የሚገጣጠም። አሜሪካ ውስጥ ከ1968 ጀምሮ ፋብሪካና አስመጪ ቁጥር የመምታት ግዴታ አለባቸው፤ ለራሱ የሚሠራ ግለሰብ ግን በፌዴራል ሕግ ያ ግዴታ የለበትም። ያችን ቀዳዳ ይዘው ነው ነጋዴዎች ያለቀ ሊባል ትንሽ የቀረውን ዕቃ ቁጥር ሳይመቱ በሣጥን የሸጡት። በ2022 የወጣው ደንብ ለእነዚህ ሣጥኖችም ቁጥር ይመታባቸው አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በማርች 2025 በ7 ለ2 ድምፅ ደንቡን አጸና። ካሊፎርኒያ ከዚያ ቀድማ፣ ከ2018 ጀምሮ፣ ቤቱ ውስጥ ጠመንጃ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሳይጀምር ከክልሉ ቁጥር ይጠይቅ ብላለች። የቶርኖ ቤት ሕግ ማለት ይህ ነው፤ መጋዙ ሳይነካው ምታ።

ካናዳ ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚህ ጠመንጃ የማምረት ፈቃድ የሌለው ሰው ቁጥር ቢመታም ባይመታም መሥራት አይችልም። ዲሴምበር 15 ቀን 2023 የጸደቀው ሲ-21 የተባለው ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተሠራ መሣሪያ፣ በምንም ዘዴ ይሠራ፣ በቀጥታ የተከለከለ ነው አለ። ለመሥራት ወይም ለመሸጥ ብሎ የፕሪንተር ፋይሉን መያዝ ራሱ ወንጀል ሆነ። በርሜልና የሽጉጥ ስላይድ ለመግዛትም ፈቃድ ማሳየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ እያለ የካልጋሪ ፖሊስና አለርት የሚባለው የአልበርታ የጋራ ግብረ ኃይል በፕሪንተር የተሠሩ ሽጉጦች መያዛቸውን በየጊዜው ይገልጻሉ። በጁን 2023 ከኩቤክ የተመራ አንድ ዘመቻ በ8 ክፍላተ ሀገር በአንድ ጊዜ ቤቶች ፈትሿል። ስለዚህ ‘ቤት ውስጥ የሚሠራው ቁጥር ይመታበት’ ለሚል ሰው የእኔ መልስ ይህ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ተደብቆ የሚሠራው ሰው ቁጥር ስጡኝ ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። የቁጥር ሕግ ለእሱ የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ ቁጥር አለመኖሩ ራሱ ክስ ይሁን። ኪሱ ውስጥ የተገኘበትን ሰው ለመክሰስ ፖሊስ ማን ሠራው፣ ከማን ገዛው ብሎ እስኪያረጋግጥ መጠበቅ አይኖርበትም። እኛ ቤት ቁጥር የሌለው ብረት ወደ ሳጥን እንደሚጣለው ማለት ነው፤ ፎርማኑ ብረቱ መጥፎ መሆኑን ማስረዳት አልነበረበትም።

ካቻምና በረዶ ሳይቀልጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ሰው ወደ ቤቱ ተበትኗል። አንድ የእኛ ልጅ መጣ፤ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ንጹሕ ጫማ፣ ትሕትናው የሚያስደስት። አንገቱን ደፍቶ፣ “ጋሼ፣ ትንሽ ሥራ ነበረችኝ። በካሽ እከፍላለሁ” አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ሥዕል አሳየኝ። ልኬቱን ሳይ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሰው፣ የዚያ ዓይነት ቧንቧ ለምን እንደሚሆን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አያስፈልገኝም።

“ይህ ምንድነው?” አልኩት።

“የብስክሌት ነገር ነው፣ ጋሼ።”

“የብስክሌት ከሆነ የድርጅቱን የሥራ ማዘዣ ቅጽ ሙላልኝ። ስምህ ይጻፍ፣ ብረቱም ቁጥር ይመታበታል፤ ወረቀቱን አያይዤ ሰኞ እሰጥሃለሁ።”

ዝም አለ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቁጥር ማህተም ሣጥን ሄደ፣ ተመለሰ። “አይ፣ ቁጥርስ ይቅርብኝ” አለ። እናቱን እንደማውቃት፣ አሥራ ሰባተኛ ጎዳና ላይ ካለው ሱቅ እንጀራ ስትገዛ እንደማያት ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ቁጭ አድርጌ ሻይ ሰጠሁትና ብዙ አወራን፤ ያወራነው በእኔና በእሱ መካከል ይቅር። ያን ቀን ማሽኑ አልተነሳም። ልጁ አሁን በሙያ ትምህርት ላይ ነው፤ ማሽኒስት ለመሆን አራቱን የተለማማጅነት ዙሮች ጀምሯል።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ቁጥሩ መመታት ያለበት በርሜሉ ላይ ነው። በፕላስቲክ የሚታተመው ሽጉጥ እንኳ ደጋግሞ እንዲተኩስ ከተፈለገ ብረት በርሜል ይፈልጋል፤ ብረት ደግሞ ቁጥር ይሸከማል። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ባወጣው መመሪያ በርሜልን ጨምሮ ዋና ዋና ክፍሎች ሁሉ ቁጥር እንዲመታባቸው ወስኗል። ካናዳ በርሜል ለሚገዛ ሰው ፈቃድ ጠይቃለች፤ በርሜሉ ራሱ ግን ቁጥር እንዲኖረው አላዘዘችም። ወደ አገር የሚገባ ጠመንጃ ‘ሲኤ’ የሚል ምልክትና የገባበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ይመታበት የሚለው የ2004 ደንብ እንኳ፣ በወግ አጥባቂዎቹም በሊበራሎቹም ዘመን ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ተራዝሟል። ሁለቱም ፓርቲዎች በዚህ ተወቃሾች ናቸው።

መዝገቡን ደግሞ ከፓርቲዎች እጅ አውጡት። የቦይለሩን መጽሐፍ ያስያዝነው ለማን እንደሆነ አስታውሱ። ቁጥር ከባለቤት ስም ጋር የተጻፈበት ደብተር ገዢው በተለወጠ ቁጥር አንዴ የሚቃጠል፣ አንዴ ደግሞ በር ለማንኳኳት የሚውል ከሆነ፣ የአባቴም የአልበርታው አርቢም ፍርሃት እውነት ሆኖ ይኖራል። ሕግ አክባሪው ጥርጣሬው ተወግዶለት የሚተባበርበት፣ ፖሊስም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ የሚገልጠው መጽሐፍ ይኑር። ከሜይ 18 ቀን 2022 ጀምሮ ጠመንጃ ሻጮች የሽያጭ መዝገባቸውን ለ20 ዓመት እንዲያቆዩ ታዝዘዋል፤ ይህ በጎ ጅምር ነው። ነገር ግን በየሱቁ ተበትኗል፤ ሱቁ ሲዘጋ መዝገቡ የት ይደርሳል ብዬ እጨነቃለሁ።

ካልጋሪ ውስጥ ቶርኖና ፍሬዛ ላይ የቆማችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስሙን መጻፍ የማይፈልግ ሰው ሥዕል ይዞ ዓርብ ማታ ከመጣ፣ ገንዘቡ ስንትም ይሁን ማሽኑን አታስነሱ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ቤዝመንት ውስጥ ፕሪንተር ካለው ደረጃውን ወርዳችሁ ምን እየሠራህ ነው በሉት፤ ሥራውን ያሳያችሁ፣ አብራችሁት ተቀመጡ። የእኔ በር ለማንም የእኛ ልጅ ክፍት ነው፤ ብረት መማር የሚፈልግ ሰኞ ጠዋት ይምጣ።